ሰርቪሶቹ አይፈርሱም

ፖርት ኤልዛቤት፣ ደቡብ አፍሪካ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ካሳነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላምና ጸጋ ከአንቺና ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር ይሁን። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። ያጎቴን ልጅ፣ ባልሽን ሲሞንን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዛሬም አልረሳሁትም።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ተኮራርፈን፣ «ካሁን በኋላ በጽሑፍ ካልሆነ አላናግርህም፤ ጽሑፍ መሃል ገብቶ አያቋርጥም» ብለሽ ስለዘጋሽብኝ ይኸው እንዳልሽው ጻፍኩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በተከራይሽ በሮሆቦት ስልክ እልካለሁ። የአንቺንም እሷ አንስታ ትላክልኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የደራሮን፣ የኛን የጌዴኦን የምስጋና በዓል፣ በስልኬ አየሁት። ልጅ ሆነን ሽማግሌዎች ሲያመሰግኑና ሲመርቁ ከኋላ ቆመን የምናየው በዓል ዛሬ ከሀዋሳና ከአዲስ አበባ ሰው የሚያጎርፍ ሆኗል። ዋናው መንገድ በመኪና ተጨናንቆ፣ አልጋ ያጣ እንግዳ መኪናው ውስጥ ሲያድር የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። የጌዴኦ ምድር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ትክል ድንጋዮቹን ሊያይ የሚመጣው በዝቷል ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ፈተናው ከጠበቀ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው እንደ ድሮው ብዙ ተማሪ እንደማይቀበል ራስሽ ነግረሽኛል። እንግዲህ ተማሪው እየቀነሰ ጎብኚው እየበዛ ከሆነ፣ እነዚያን የጭቃ ሰርቪሶች ለተማሪ እያከራየን የምንቀመጠው ለምንድን ነው?

ሀሳቤ ይህ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ ያሉትን አምስቱን ሰርቪሶች አፍርሰን ፔንሲዮን እንሥራ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ሙቅ ውኃ ያለው፣ በረንዳው ወደ ተራራው የሚያይ። አንቺ እመቤት ሆነሽ ትቀመጫለሽ። በሰው እርጥብ ልብስ ሥር እያጎነበሱ መሄድ ይቀርልሻል። ግቢው የሲሞን አባትና የእኔ አባት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይከፋፈሉት የሞቱበት ነው፤ ካርታውም በአንቺና በእኔ ስም ነው። ስለዚህ ሁለታችንም እንጠቀማለን።

ግዛቸው የሚባል ኮንትራክተር በቅርቡ መጥቶ ይለካል። ሰኔ ሲገባ፣ ተማሪው ሲወጣ፣ ሠራተኛ እናስገባለን። በጎ መልስሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ሽብሩ


ዲላ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

በሰው አገር ሌሊትህን የጠበቀ፣ ቀንህን የሚያወጣልህ አምላክ ስሙ የተባረከ ይሁን። ሰላምታህ ደርሶኛል። ፔንሲዮንህም ደርሶኛል።

መልሴ አይሆንም ነው። ምክንያቱን ማወቅ ካልፈለግህ እዚህ ላይ ማቆም ትችላለህ።

አንተ ዲላን በአንድ ቀን ቪዲዮ ለካሃት። ደራሮ መጥቶ ያልፋል። በማግስቱ ብታያት ኖሮ ጎዳናው ላይ የቀረው የአናናስ ልጣጭና ፍየል ብቻ ነበር። ድንጋይ ሊያይ የሚመጣ ሰው ጠዋት ይደርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለምሳ ተመልሶ ሀዋሳ ነው። እዚያ ዓሣ አለ። እኛ ጋ የሚያድረው ጎማው የፈነዳበት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

ይችን ከተማ ማን እንደሚሞላት እኔ ልንገርህ፤ ከበሯ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝና። ጥቅምት ላይ ተማሪው ይገባል። ያኔ ጁስ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ባጃጁ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ሕይወት ይዘራል። ቁጥራቸው ቀንሷል፣ አልዋሽህም፤ ቢሆንም አሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ነጋዴና የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰኔ ሲገባ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ከተማዋ ጭር ትላለች፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳማ መጫወት ይጀመራል። አንተ የምታስታውሰው እዚህ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ረስተኸዋል።

ሐምሌ ሲገባ የክረምት ተማሪዎቹ ይመጣሉ። ከአማሮ፣ ከቡርጂ፣ ከጉጂ፣ ከሲዳማ፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የከረሙ መምህራን። ቆጮና ቅቤያቸውን ቋጥረው፣ አንዳንዱም ሚስትና ልጁን አስከትሎ፣ በዝናብ ይገባሉ። ሌላው ሰው ለዕረፍቱ ሐይቅ ዳር ይሄዳል፤ መምህር ለዕረፍቱ ዲላ ይመጣል። ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው ያባትህ አቮካዶ ዛፍ ሥር ስለ ፈተና ሲጨነቁ ብታያቸው፣ በአለንጋ የሚገርፉህ አስተማሪዎች እነዚህ ናቸው ብለህ አታምንም።

ከእነሱ ጋር ወረቀት የለንም። ልማዳችን ግን ይህ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ መምህሩ ፍራሹን ጠቅልሎ እኔ ጋ ትቶ ይሄዳል። ፍራሽ የተወ ሰው ለከርሞ ቤት ይዟል ማለት ነው፤ በሰፈራችን ይህን የማያውቅ አከራይ የለም። ይኸው አሁን ሳሎኔ ጥግ አምስት ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል። አንዱ የመምህር ፊሊጶስ ነው፤ የአማሮ ሰው፣ ሽበት የወረሰው፣ ይህ የመጨረሻ ክረምቱ። ነሐሴ መጨረሻ ይመረቃል። «እትዬ፣ ጋዋኔን ለብሼ መጀመሪያ የማሳየው ለአንቺ ነው» ብሎኝ ነው የሄደው። መጥቶ ፍርስራሽ ላይ ሲቆም ምን ልበለው? ጎብኚ መጣብህ ልበለው?

ደግሞ ስለ እኔ አስብ። ሲሞንን የቀበርኩ ሰሞን ይህ ግቢ ጸጥ ብሎብኝ ላብድ ነበር። ቀና ያደረገኝ የነዚህ ልጆችና የነዚህ መምህራን ጫጫታ ነው። እነሱ ከሄዱ እኔ የፎቅ ዘበኛ ነው የምሆነው። አልፈልግም።

ሮሆቦት ደብዳቤህን ስታነብልኝ «እትዬ ካስዬ፣ ሰውየው ሲሪየስ ነው እንዴ?» አለችኝ። አራተኛ ዓመት ነች፤ ሰኔ ትመረቃለች። ያንተን ሰላምታ ነግሬያታለሁ።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ።

እህትህ ካሳነሽ


ፖርት ኤልዛቤት
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ካሳነሽ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ግዛቸው መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። በደንብ እንዳበላሽው፣ እስኪጠግብም እንዳስጨነቅሽው ነገረኝ። ቀጥሎም ሜትሩን ከዚያኛው ጫፍ ልያዝልህ ብለሽ፣ ሰውየው ግድግዳው ጋ ሲደርስ እንደለቀቅሽውና ተስፈንጥሮ ጣቱን እንደመታው ነገረኝ። እትዬ፣ ይህ ከአንቺ የሚጠበቅ አይደለም።

እኔም ቁርጡን ልንገርሽ። ፍራሽ ውል አይደለም። በግቢው ላይ ግማሽ መብት አለኝ፤ እስከ ዛሬ ኪራዩ ይድረሰኝ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ ለወደፊቱም አልጠይቅም። የምጠይቀው ያባቴ ድርሻ ላይ ቤት መሥራት ነው። መምህራኑ ሌላ ቤት ይፈልጉ። ዲላ ውስጥ ሰርቪስ ሞልቷል። ሰኔ 2 ሠራተኞቹ ይገባሉ።

ሌላ የምጠይቅሽ አለ። ከሰርቪሶቹ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የትኛው ነበር? የዳር ዳሩ ነው ወይስ ከጉድጓዱ ጎን ያለው? አቮካዶው ዛሬም ያፈራል? በሐምሌ ብርዱ እንዴት ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል? እንዲያው ረስቼው ነው።

ሽብሩ


ዲላ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

ባለህበት ሰላሙን አያጓድልብህ፤ እጅህ የነካውን ይባርክልህ።

አንተ ቁርጡን ከነገርከኝ እኔም ቁርጥ ወደሚያውቁት ሄድኩ። ጪጩ፣ ያባቶቻችን ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት ሸንጎ፣ ሶንጎ ላይ አቤት አልኩ። ግዛቸውም ያንተ ወገን ሆኖ መጣ፤ ክራቫት አስሮ። ሣሩ ላይ ሲቀመጥ ሱሪው እንዳይበላሽ ጋዜጣ አነጠፈ። ይህን ያየ ሽማግሌ ሁሉ ገና ነገሩ ሳይነሳ ፊቱን አዞረበት።

የሆነውን አንተም ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ሌላውን ልጨምርልህ። ሽማግሌዎቹ «ባለጉዳዩ የት አለ?» አሉ። ግዛቸው «በስልክ ይቀርባል» ብሎ ደወለና ድምፅህን ጮክ አድርጎ መሃል ላይ አስቀመጠህ። ሰውየው የከተማ ልጅ ነው፤ ሶንጎ ላይ ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ እንደማይነሳ አያውቅም። ታላቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤትህ፣ ስላለህበት አገር ዝናብ ጠየቁህ። «ከብትህስ?» ሲሉህ «የለኝም» አልክ። ደነገጡ። «ከብት የሌለው ሰው ነው እንዴ ፎቅ የሚሠራው?» ብለው ወደኛ ዞሩ። ሁለተኛው ተቀበሉ፤ እሳቸውም ከጤናህ ጀመሩ። ሦስተኛው ያባትህ ጓደኛ ስለሆኑ ካባትህ ልጅነት ጀመሩ። እሳቸው ገና ያባትህን ልጅነት ሳይጨርሱ የግዛቸው ባትሪ አለቀ። አንተ የተቆረጠው ኔትወርክ መስሎህ ይሆናል። አይደለም፤ ሰላምታ ነው የቆረጠህ።

ታላቁ ሽማግሌ ስልኩን በነጠላቸው ጠርገው መለሱለት። «ይህ ልጅ ድምፁን ልኮ ሰውነቱን አስቀረ» አሉ። «ድምፅ ሣር ላይ አይቀመጥም። ይምጣና ዓይናችንን እያየ ይናገር። ግማሹ የሱ ነው፤ አንነፍገውም። እሱ እስኪመጣ ግን ግድግዳውን የነካ እኛን ነካ።» ግዛቸውም እሺ ብሎ ጋዜጣውን ሰብስቦ ሄደ። እንግዲህ ሰኔ 2 የሚገባ ሠራተኛ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስትመልስልኝ እንዳትቀልድ። ሁልጊዜ ስትደውል ከኋላህ የሱቅህ ፍሪጅ ሲያጓራ እሰማ ነበር። እንዲያውም «ያንን በሬ ዝም አስብለው» እልህ ነበር። በሶንጎው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ አዳመጥኩ። ፍሪጅ የለም። ደንበኛ የለም። የወፍ ድምፅ ነበር። በሥራ ሰዓት የምን ወፍ ነው?

የጠዋት ፀሐይ የሚገባው የዳር ዳሩ ነው። አቮካዶው ያፈራል። በሐምሌ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም።

ደህና ነህ ወይ ሽብሩ?

እህትህ ካሳነሽ


ኡምታታ፣ ደቡብ አፍሪካ
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ካሳነሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዘገየሁ።

ደህና ነኝ። ፍሪጁን ቀይሬው ነው፤ አዲሱ ድምፅ የለውም። ለጊዜው ሥራ ለማየት ወደ ሌላ ከተማ መጥቻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ያሉትን አክብሬያለሁ። የፎቁ ነገር ይቅር። ሳስበው ሁለት ክፍል ቢሠራም ይበቃል፤ ደግሞም ዘንድሮ መሆኑ አያስፈልግም። መምህራኑ ይግቡ። ግዛቸው ሂሳቡን ዘግቷል፤ አታስቢ።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። የኛው አገር ሰው ነው፤ እዚህ ሱቅ ይሠራ ነበር። ወደ ዲላ መመለስ ያስባል። ጎረቤታችን ሙሐሲን ሱቁ ውስጥ ሰው ይፈልግ እንደሆነ እስቲ ጠይቂልኝ። ሰውየው ታማኝ ነው። ስሙን ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ሽብሩ


ዲላ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

የደከመውን የሚያበረታ፣ የወደቀውን ደግፎ የሚያነሳ አምላክ ካንተ ጋር ይሁን። ይህን ሰላምታ ዘንድሮ ከጻፍኩልህ ሁሉ ከልቤ የጻፍኩት ነው።

ዛሬ ሠራተኞችህ ይገባሉ ያልክበት ቀን ነበር። የገባ ሰው ቢኖር ሮሆቦትን ሊያስመርቁ የመጡት እናትና አባቷ ናቸው። እናቷ አንገቴን አቅፋ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። ሌሎቹ ልጆችም አንድ አንድ እያሉ እየወጡ ነው፤ ገመዱ ላይ የቀረ ልብስ የለም። በዚህ ሰሞን ዲላ ሆዷ የተራበ ትመስላለች። ቢሆንም ሐምሌ ቅርብ ነው።

ሙሐሲንን ጠየቅሁት። ከሱቁ በር ላይ እንዳለ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ሱቅ ውስጥ የኖረ ሰው ነው?» አለ። አዎ አልኩ። «ልጆቼ ሁሉ አዲስ አበባ ገብተው፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዘይት ስቀዳ እያየሽ ትጠይቂኛለሽ? ወላሂ ዛሬ ይምጣ። ስሙ ማነው?» አለኝ። ስሙን አልነገርኩትም። ግን አውቆታል። እኔም አውቄዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይቀር ሳያውቅ አይቀርም።

የምታውቀው ሰው አንተ ነህ።

እኔ ተምሬ ዲግሪ አልያዝኩም፤ ዲግሪ የሚይዙትን ግን ሳኖር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ልጅ ፈተና ወድቆ ማታ ሲገባ ከበር አዘጋጉ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ሊያከራይበት የሚፈልገውን ቤት የጠዋት ፀሐይ ከየት ይገባል ብሎ አይጠይቅም፤ ሊተኛበት የፈለገ ነው የሚጠይቀው። ብርድ ልብስ ስንት ይበቃል ያልከኝ ለጎብኚ ነው? ሥራ የሞላለት ባለ ሱቅስ ሱቁን ጥሎ ኡምታታ ምን ይሠራል?

ተናድጃለሁ ሽብሩ። የተናደድኩት ግቢውን ስለፈለግህ አይደለም። አራት ወር ሙሉ ፔንሲዮን ፔንሲዮን እያልክ ስታደርቀኝ፣ እኔም እንደ ጠላት ስመክትህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «እትዬ፣ ቸግሮኛል» ማለት አቅቶህ? እኔ ነኝ እኮ ልጅ ሆነህ ትኩሳት ሲይዝህ ጨርቅ ውኃ እየነከርኩ ግንባርህ ላይ ሳደርግ ያደርኩት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

የሆነውን ጻፍልኝ። እውነቱን ካልሆነ እንዳትጽፍልኝ፤ ሌላውን አላነበውም። ሮሆቦት ስልኳን ይዛ መሄዷ ነውና ካሁን በኋላ በሙሐሲን ስልክ ላክልኝ።

ካሳነሽ


ኡምታታ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ካሳነሽ፣

ሰላም ላንቺ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ስተው ስጀምር ስተው ወር አለፈኝ።

ሱቁ ተቃጥሏል። ጥር ላይ ሱቁ ባለበት የድሆች ሰፈር፣ ሎኬሽን በሚሉት፣ ሁከት ተነሳ፤ መጀመሪያ ዘረፉት፣ ቀጥሎ አቃጠሉት። እኔ በጓሮ በኩል ወጣሁ። የያዝኩት ስልኬንና የለበስኩትን ነበር። የደራሮን ቪዲዮ ያየሁት በማላውቀው ሰው ቤት፣ ወለል ላይ ተኝቼ ነው። ያን ሁሉ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ሲያመሰግን ሳይ፣ ሌሊቱን ፎቅ ስሠራ አደርኩ። ክፍሉን፣ በረንዳውን፣ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ስም ሳይቀር። በማግስቱ ለአንቺ ጻፍኩ።

ብሩ ከየት ሊመጣ ነው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ካርታውን ባንክ ላስይዝ ነበር። ያንቺንም ስም ጭምር። ይህንንም እወቂው።

ለምን አልነገርከኝም አልሽ። ካገር የወጣሁ ጊዜ ጪጩ በግ ታርዶልኝ፣ ሽማግሌ መርቆኝ ነው። ከኋላዬ የወጡ ልጆች መኪና ይዘው ተመልሰዋል። «ሽብሩ መጣ» ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን ይዞ?» ነው። እኔ ፔንሲዮን ይዞ መጣ እንዲባል ፈለግሁ። አንድ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ሲታይ ምን ይዞ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አሁን ልቤን አሳርፌያለሁ። ድርሻዬን ወደ አንቺ የሚያዞር ውክልና እልካለሁ። ሰርቪሶቹም ግቢውም ያንቺ ይሁኑ፤ ማንም መጥቶ አይለካብሽም። እኔ እዚሁ የሰው ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ እኖራለሁ። ባዶ እጄን አልመጣም። ይህን ውሳኔዬን እንዳትነኪብኝ እለምንሻለሁ።

ለመምህር ፊሊጶስ መልካም ፈተና በይልኝ።

ሽብሩ


ዲላ
ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

ከእሳት ያወጣህ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። ሌላ ሰላምታ ዛሬ አላውቅም። በሕይወት አለህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት የሙሐሲንን ስልክ ተውሼ ለብቻዬ ነው። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ውሳኔህን ልነካብህ ተቀመጥኩ።

ውክልናውን አትላክ፤ ብትልክም አልቀበልም። በኀፍረት የሰጠኸኝን ያባትህን ድርሻ ይዤ የት ልሄድ ነው? ሽማግሌዎቹ «ግማሹ የሱ ነው» ብለዋል። ያንተ ነው። የካርታውን ነገር ደግሞ ስትመጣ ሣሩ ላይ ትናገረዋለህ፤ እነሱ ይቆጡሃል፣ እኔም እቆጣሃለሁ፣ ከዚያ ያልቃል።

ባዶ እጄን አልመጣም አልክ። እስቲ ዲላ ባዶ እጁን ያልመጣ ማን እንዳለ ቁጠርልኝ። የሙሐሲን አባት ከጉራጌ አገር ሲመጣ መርፌና ክር በሳጥን ተሸክሞ በየደጁ ይዞር ነበር፤ አሁን ሱቁን አንተም ታውቀዋለህ። ሲሞንን ባገባሁ ጊዜ እኔ ከጪጩ የመጣሁት በተዋስኩት ጫማ ነው፤ በሳምንቱ የጫማው ባለቤት መጥታ ወሰደችው። ልብስ የምታጥበው ጎረቤቴን ጠይቃት። በ2010 በዚያ መፈናቀል ጊዜ ልጇን አዝላ፣ ትምህርት ቤት ወለል ላይ አድራ ነው ይችን ከተማ ያወቀቻት። ዛሬ ልጅየው ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እሷም የተማሪ ሁሉ እናት ናት። ተማሪዎቹስ? አንድ ሻንጣና የናታቸው ስልክ ቁጥር። ትናንት ማታ መምህር ፊሊጶስ ዝናብ ጠግቦ ሲገባ፣ የያዘው በፌስታል የተጠቀለለ ደብተርና አንድ ቆጮ ነበር። ከመጣበት ቀበሌ ድልድዩ ተሰብሮ በእግሩ ነው ግማሹን መንገድ የመጣው። ማንም ምን ይዞ መጣ አላለውም። ገባህ ወይ አልነው፣ ፍራሹን ዘረጋንለት።

የዚህ ከተማ ሰው ማለት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰዎቹን ወረቀት ላይ እየቆጠረ ያስገባል፤ እኛ ግን እንዲህ ነው የምናውቃቸው። ከመካከላችን እዚሁ ተወልደህ የወጣኸው አንተ ነህ። ለዚህ ነው የተደናገረህ፤ ዲላ እንዴት እንደሚገባ አታውቅም። እኔ ሲገቡ ስላየሁ ልንገርህ።

ለአውሮፕላኑ የሚጎድልህ ካለ ለሙሐሲን እንድትደውል ብሏል፤ ስትሠራ ይታሰባል። ኩሩ አትሁንበት፤ ያባትህ ጎረቤት ነው። ክፍል የለኝም፤ አምስቱም ሞልተዋል፤ ይህን ቀድመህ እወቅ። ሳሎን ትተኛለህ። መምህር ፊሊጶስ ግን ስለ አንተ ስነግረው «ከእኔ ጋር፣ የዳር ዳሩ ክፍል ይሁን፤ የጠዋት ፀሐይ ይወዳል አላልሽም?» አለኝ። ምርጫው ያንተ ነው፤ ጮክ ብሎ ነው የሚያጠናው።

ፔንሲዮንም ቢሆን እንሥራ ካልክ፣ ድርሻህ ላይ በገዛ እጅህ ጭቃ አቡክተህ አንድ ክፍል ጀምር፤ የሚያስቆምህ የለም። እኔም ከመምህራኑ ጋር ድንጋይ አቀብላለሁ። ሰርቪሶቹ ግን አይፈርሱም፤ ይህን ሞቼም እለዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አዝዝሃለሁ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘህ፣ ታጥበህና ጢምህን ተላጭተህ፣ ሸሚዝ ተውሰህ፣ ደህና የመጣ ሰው መስለህ በማግስቱ ልትገባ እንደምታስብ አውቃለሁ። እንዳታደርገው። ከአውቶብሱ እንደወረድክ፣ አቧራህን ሳታራግፍ፣ ወደ ቤትህ ና።

እህትህ ካሳነሽ